ሰባተኛው ውልብልቢት

ሰባተኛውን ውልብልቢት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ መሐል ላይ ደርሶ ሌላ ሰው እንዳይጠረጥር ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ተጠርጥሯል፤ ይበቃል።

ስድስቱ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ናቸው። ነጌሌ ቤቴ የሚገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። አንዱ የእህል ማዝሪያ ይመስለዋል፣ ሌላው የበር መቀርቀሪያ። የአውሮፕላን ናቸው ስላቸው ፊቴን ያያሉ። ብቻዋን መኖር አናወዛት ይሉ ይሆናል። ይበሉ።

ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው። ማንበብና ቁጥር መለየት ተምሬ ስጨርስ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፣ በዚያው አበቃ። ባሌ ወታደር ነበር። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን ከጓደኞቹ ጋር በእግሩ ወደ ደቡብ ወጣ። ኬንያ ገባ የሚሉ አሉ፤ መንገድ ላይ ቀረ የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም አላውቅም። ሁለት ልጆች ይዤ ቀረሁ። ሴቷ አግብታ ፊልቱ ገባች፤ አራት የልጅ ልጅ አሳይታኛለች፣ በዓመት አንዴ ይመጣሉ። ወንዱ ከእኔ ጋር ቀረ።

ወንዱ ብረት በያጅ ነው። በርና መስኮት፣ የጭነት መኪና አካል ይሠራል። ሠላሳ ዓመት ሲያልፈው እንደ ሰው ልጅ ሚስት ያመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ቀን የአሮጌ ቮልስ ሞተር በጋሪ አስጭኖ መጣ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አውሮፕላን ነው፣ እማዬ።»

«የቱ ጋ?»

«ገና ነው።»

ሳቅሁበት። ግን በልቤ ደስ አለኝ፤ ሚስት ቢያመጣ ሌላ ቤት ይወጣ ነበር፣ አውሮፕላን ያመጣ ሰው ከእናቱ ግቢ አይወጣም። ይህንንም መናገር አለብኝ።

የአውሮፕላኑን ገላ ከቀጭን የብረት ቧንቧ በየደው፤ ግቢያችን ውስጥ ካለው ትልቅ ግራር ሥር። ብረቱ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ከፊት የሚዞረው እንጨት ነው። እሱ ፕሮፔለር ይለዋል፤ እኔ ሬድዮ ላይ እንደሰማሁት ውልብልቢት እለዋለሁ። ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ስለሆነ ራሱ ሊሠራው ተነሣ። ኢንተርኔት ቤት እየሄደ ሥዕል ያሳትማል፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ያሰምራል። ምሳ የት ላቅርብ ስለው ወረቀቱን አያነሣም፤ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ውልብልቢት ሁለት ምላስ አለው። ምላሶቹ ጠመም ተደርገው ይጠረባሉ፤ ሲዞሩ ነፋሱን እየቆረሱ ወደ ኋላ ይወረውሩታል፣ አውሮፕላኑ ወደ ፊት ይሳባል። ጠመማው ካነሰ ነፋሱ አይያዝም፣ ከበዛ ሞተሩ ይታፈናል። ደግሞ የሁለቱ ምላሶች ክብደት እኩል መሆን አለበት። ከሁሉም ቶሎ የገባኝ ይኼኛው ነው። ሁለት ልጆችን ከአንድ ሳህን ያበላች ሴት ይገባታል።

ሲፈትነው አውሮፕላኑን ከኋላ በገመድ ከግራሩ ጋር ያስረዋል። በገመዱ መሐል ሥጋ ሻጮች የሚይዙትን ተንጠልጣይ ሚዛን ያስገባል። ሞተሩ ሲነሣና ውልብልቢቱ ሲስብ የሚዛኑ መርፌ ይወርዳል፤ ስንት ኪሎ እንደሳበ መርፌው ይናገራል። መርፌውን የማነበው እኔ ነበርኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከትቼ፣ ከግራሩ ጎን እቆማለሁ። በሕይወቴ ለአንድ ነገር በጣም ተፈልጌ ከሆነ በዚያ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን የቤት ዕቃ ሠራተኛ ከአንድ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ጠረበለት። ሃያ ኪሎ ሳበ። «ፍየል ናት የምትጎትተው?» አለኝ ልጄ ቁጥሩን ስነግረው። ሁለተኛው ሲዞር ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ነው፣ ሰው እኔ አመጣልሃለሁ ያልኩት።

ገበያ ውስጥ አንድ ጠራቢ አውቅ ነበር፤ የቦረና ሰው፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ ሽማግሌ። የእንጨት የግመል ደወል፣ በርጩማና የወተት ዕቃ ጠርበው ይሸጣሉ። ከሳቸው በርጩማ ልገዛ ሄጄ፣ የወደድኩትን ሳነሣ እጄን ያዙኝና፣ «ይኼን አትውሰጂ አዮ፤ ውስጡ ቆስሏል» አሉኝ። አገላበጥኩት፣ ምንም አይታይም። በጣታቸው አንኳኩተው አሰሙኝ። እኔ ልዩነቱን አልሰማሁም፤ የሰማሁት ሻጭ ራሱ ገዢን አትግዢ ሲል ነው። በዚያ ገበያ ያን ያህል ዘመን ስመላለስ ሰምቼው የማላውቀውን።

አዮ ማለት በሳቸው ቋንቋ እማማ እንደማለት ነው። አማርኛቸው ለሁሉም ሰው አንተና አንቺ ነው፤ እኔ ግን አንቱ እላቸዋለሁ።

ግቢያችን ሲገቡ ዱላቸውን ግራሩ ላይ አስደግፈው፣ «አካም ቡልቴ፣ ናጋ?» ብለው በቋንቋቸው ሰላምታ ሰጥተው፣ ልጄን ሳይሆን አውሮፕላኑን ዞሩት። ከዚያ ሥዕሉን አዩ።

«ይኼን ወረቀት የሠራው ሰው ነፋሱን የት ነው ያየው?» አሉ።

«ሒሳብ ነው አባባ፣ ማየት አይደለም» አላቸው ልጄ።

«ሒሳቡ ነጌሌ መጥቶ ያውቃል?»

ልጄ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይመጡ ጀመር። ልጄ ከቦሬ በኩል ያስመጣውን የዝግባ ሳንቃ አምስቱን በኮላ ያጣብቃል፤ እሳቸው በመጥረቢያ ያወጡታል፣ በመሮ ያርሙታል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቁታል። ሦስተኛውን አራት ምላስ አደረጉት፤ ሞተሩ አልቻለውም። አራተኛው በጣም ጠሞ ታፈነ። አምስተኛው አርባ ኪሎ ሳበ። ስድስተኛው አርባ ስድስት። ልጄ በየጊዜው ወረቀቱን ይቀይራል፤ ጠራቢው በየጊዜው ወረቀቱን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ለሦስት ሰው ምሳ እሠራለሁ። ከዚያ በፊት ለሁለት፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ነው የሠራሁት፤ ሦስቱ ጥሩ ቁጥር ነበር።

ሰባተኛው የሳቸው ነው። ልጄ በስድስተኛው ተስፋ ቆርጦ ቁጭ ባለበት፣ መሬቱ ላይ በዱላቸው ሣሉት። ምላሱ ከወገቡ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ ግን ቀጥኖ ወደ ኋላ መለስ ያለ፣ እንደ ማጭድ።

«እንዲህ ያለ ሥዕል የለኝም» አለ ልጄ።

«የኛ ነፋስ በጋ ላይ ትኩስ ነው፤ ትኩስ ነፋስ ቀጭን ነው። ቀጭን ነገር በጠባብ እጅ ይታፈሳል?»

ልጄ ሥዕሉን ዞሮ አየውና፣ «እስቲ ጥረቡት» አለ።

ተጠርቦ ሲያልቅ በመሐሉ ቀዳዳ ብረት አሳልፈው ሁለት ቢላዋ ላይ አስቀመጡት። አንዱም ምላስ አልወረደም፤ ቀጥ ብሎ ተኛ። ሞተሩ ላይ ታስሮ ለጥቂት ደቂቃ ተፈተነ። መርፌውን አይቼ ዓይኔን ጠራረግሁ፤ ደግሜ አየሁ።

«ስድሳ ስምንት!» ብዬ ጮህኩ።

ልጄ ሞተሩን አጥፍቶ ሮጦ ሄዶ ሽማግሌውን ከመሬት አነሣቸው። «ልቀቀኝ፣ አጥንቴ ነው!» ይላሉ፤ እሱ ያሽከረክራቸዋል። በግቢዬ እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተሳቀም።

በማግስቱ ልጄ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጻፈ፤ መሥሪያ ቦታ እንዲሰጡት፣ ሰዎች መጥተው እንዲያዩለት። ከመላኩ በፊት አስነበብኩት። የጠራቢው ስም የለበትም።

«ውልብልቢቱን ማን ሠራው?» አልኩት።

«አብረን ነው እማዬ።»

«አብራችሁ ከሆነ አብራችሁ ተጻፉ። የሳቸው ስም ካልገባ ይህ ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ወረቀቱን ቀምቼ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። ልጄ ጠባዬን ያውቃል፤ አዲስ ጻፈ። «የውልብልቢቱ ጠራቢ» ብሎ ስማቸውን እስከ አያታቸው አሰፈረው። ትክክል ሠራሁ ብዬ ተደሰትኩ። አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ። ግን ወረቀት ላይ የሰፈረ ስም ለምስጋናም ለወቀሳም እንደሚሆን አላሰብኩም።

ሰዎቹ የሚመጡበት ቀን ሲወሰን፣ ልጄ ቫርኒሽና ጠንካራ ብሎን ሊገዛ ሐዋሳ ሄደ። «ውልብልቢቱን ጠብቂልኝ» ብሎኝ ሄደ። እኔም ጠበቅሁት።

የበጋው ደረቅ ነፋስ በርትቶ ነበር። ቀትር ላይ የቤቱ እንጨት ሁሉ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ውልብልቢቱ ገና ቫርኒሽ አልነካውም፤ ነጭ ሆኖ፣ ደርቆ፣ የተራበ ይመስላል። በሁለተኛው ቀን እሱም ቀጭ አለ። ደንግጬ ተነሣሁ። አዲስ የወተት ዕቃ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ምን እንደሚደረግ በኛ አገር የማያውቅ ሴት የለም። ቅቤ አቀለጥኩና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባሁት። ጠጣው። እንደገና ቀባሁት፤ ጠጣው። መሬት ላይ እንዳይረገጥ በአንዱ ምላሱ አቁሜ፣ ቀን ፀሐይ የሚያግለው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት፤ አቧራ እንዳይነካው ነጠላ አለበስኩት። ስድስት ቀን ጠዋትና ማታ ቀባሁት። ልጅ ሳሳድግ እንኳ እንዲህ አልተንከባከብኩም።

ጠራቢው በዚያ ሳምንት አንድ ቀን መጥተው ነበር። ወተት ጠጡ፣ ስለ ዝናብ አወራን። ነጠላ የለበሰውን አይተው፣ «ተኝቷል?» አሉ፤ ሳቅን። እጃቸው ከዱላቸው አልተለየም። ቅቤ እየቀባሁት ነው አላልኳቸውም። ደብቄያቸው አይደለም። ዕቃ መቀባት የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ጠርቦ ሰጥቶ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው አይነገረውም፣ አይጠይቅም። እሳቸውም ያወጡትን እንጨት ቅቤ ይነካው እንደሆነ በዕድሜያቸው ጠይቀው አያውቁም።

ልጄ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት፣ የደረሰው ሰዎቹ የሚመጡበት ቀን ጠዋት ነው። ቫርኒሽ የሚቀባበት ጊዜ የለም። ነጠላውን ገፈፈ። ውልብልቢቱን በጨርቅ ወልውዬው ስለነበር ያበራል።

«አባባ አለስልሰውት ነው?» አለ ደስ ብሎት።

እኔ ሻይ ሳፈላ ነበር፤ ጥያቄውን በደንብ አልሰማሁም፤ አባባ ሲል ብቻ ሰምቼ፣ «መጥተው ነበር» አልኩ። ከሁሉ ቃሌ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ውሸት አልነበረም፤ ግን ልጄ እንደ መልስ ወሰደው። ሁለቱን ቢላዋ አውጥቶ ሳይመዝነው ቀጥታ አሰረው።

ከጽሕፈት ቤት ሦስት ሰዎች መጡ። ጎረቤቱም ተሰበሰበ። ጠራቢው ነጭ ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ልጄ ሞተሩን አስነሣ። መርፌው መውረድ ጀመረ፤ ሠላሳ፣ አርባ። ከዚያ ቁጥሩ መርፌው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላነበው አልቻልኩም። ገመዱ ተንቀጠቀጠ፣ ግራሩ ቅጠሉን አራገፈ። ልጄ ለማጥፋት እጁን ሲዘረጋ ሞተሩን የያዘው ብረት ተቆረጠ። ውልብልቢቱ ከቧንቧው ጋር ተጋጭቶ መሐል ለመሐል ተሰበረ፤ አንዱ ምላስ በአጥር ላይ አልፎ የጎረቤት ጭቃ ግድግዳ ላይ ተሰካ።

ሰው አልተጎዳም። ከሦስቱ አንዱ አቧራው ላይ ተዘርሮ ነበር፤ ተነሥቶ ሸሚዙን እያራገፈ፣ «ይኼ አውሮፕላን ነው ወይስ ወፍጮ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የደነገጠ ሰው ሳቅ ከሁሉ ይከፋል።

ልጄ አልሳቀም። ወደ ጠራቢው ሄደ።

«እኔ ስሄድ ምን አደረጉት?»

«ምኑን?»

«ስድሳ ስምንት የሳበ ነገር ነው! በሚዛኑ ተኝቶ ነው ጥዬው የሄድኩት! መጥተው ፍቀውታል፤ ማለስለስ ነው ያሉት? ሰው ሊሞት ነበር እኮ!»

«አልነካሁም» አሉ። አንዴ ብቻ። ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። «ወተት ጠጥተው ሄዱ፣ አልነኩም!» አልኩ። ልጄ ግን፣ «አንቺ ጓዳ ስትገቢ አይተሻቸዋል እማዬ?» አለኝ። ጓዳ ገብቼ ነበር፤ ወተቱ ከጓዳ ነው የመጣው። ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው፣ በተሰበሰበው ሰው መሐል ወጡ። መንገድ የለቀቀላቸው ሰው አልነበረም፤ በትከሻቸው እየገፉ ነው የወጡት።

ሰው ሲበተን የተሰካውን ስባሪ ከጎረቤት ግድግዳ ነቅዬ አመጣሁ። ሌላውንም አነሣሁ። ሁለቱን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቀኝ እጄ ወረደ። የተሰበረበትን ሳየው የግራው ደረቅና ነጭ ነው፤ የቀኙ ጠቁሯል፣ ያብረቀርቃል። አሸተትኩት። ስድስት ቀን በቆመበት ቅቤው ሁሉ በእንጨቱ ውስጥ ወርዶ፣ ከታች ባለው ምላስ ተጠራቅሟል። ተንጠልጣዩ ሚዛን ላይ አንድ በአንድ ሰቀልኳቸው፤ ያን ቀን መርፌውን ለራሴ ብቻ አነበብኩ።

ሮጬ ሄጄ ሽማግሌውን መመለስ ነበረብኝ። መንገዱ ሩቅ አልነበረም፤ ጀርባቸው ይታይ ነበር። አልሄድኩም። ልጄ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኝቷል፤ አሁን ብነግረው እኔንም ያጣል ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። እውነቱ ግን፣ እሱን እንዳላጣ ነው። የሰው በደል ስሰማ ቀበሌ ድረስ ሄጄ ጠረጴዛ የምመታ ሴት፣ ስባሪዎቹን በጆንያ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኳቸው። ሁለት ወር በላያቸው ተኛሁ።

ስባሪዎቹን ከአልጋ ሥር ያስወጣኝ የገበያ ወሬ ነው። የጠራቢው ቦታ ባዶ ሆኖ አየሁና አጠገባቸው ሽንኩርት የምትሸጠውን ሴት ጠየቅኋት።

«ደወል ጠራቢው? አገራቸው ገቡ እኮ። ማን ይገዛቸዋል? በሳቸው በርጩማ የተቀመጠ ሰው አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ቤት ያርፋል እየተባለ» አለችኝና ከት ብላ ሳቀች። አብረዋት ያሉትም ሳቁ። ቀልዱ ሰንብቷል ማለት ነው፤ ሁሉም ያውቁታል።

ቤት ገብቼ ጆንያውን ልጄ ፊት ፈታሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ከባዱን ምላስ ተቀብሎኝ በአውራ ጣቱ ጫነው፤ ጣቱ ወዛ። ለረጅም ጊዜ ጣቱን አየ።

«ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

ከዚያ ነገረኝ። አደጋው የደረሰው በባህላዊ ጠራቢ ስሕተት ነው ብሎ ለጽሕፈት ቤቱ ጽፏል፤ ስማቸው ማመልከቻው ላይ ስላለ ጽሑፉ አላስቸገረም። እነሱም ተቀብለው፣ እሱን አዲስ አበባ ለሥልጠና ሊልኩት ደብዳቤ እያዘጋጁ ነው።

«እንግዲያው ነገ አገራቸው ሊበን እንሂድ» አልኩት። «ሰው ፊት ተወቀሱ፣ ሰው ፊት ይመለስላቸው። ከዚያ ጽሕፈት ቤቱ።»

«እማዬ፣ ያለፈ ነገር ነው። እሳቸው እንጨት ጠራቢ ናቸው፤ ምን ይጎድልባቸዋል?»

«ስም ነዋ!»

«እኔስ? እኔ ምን አለኝ?» አለ። «ሕይወቴን ሙሉ በር ስበይድ ልኑር? የቀባሽው አንቺ፣ ዝም ያልሽው አንቺ፣ የምከፍለው እኔ?»

እውነት አለው። ይህን የምጽፈው እውነት ስላለው ነው። ግን የሱ እውነት የሽማግሌውን አያጠፋውም። ብቻዬን ሄድኩ።

በገበያ ቀን በሚመለስ የጭነት መኪና፣ ስባሪዎቹን ታቅፌ ሊበን ወረድኩ። ወንዶች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እሳቸውም አሉ። ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። ያደረግሁትን፣ ዝም ያልኩበትን ጊዜ ሳልቀንስ ተናገርኩ። ስባሪዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። አንዱ ሽማግሌ አሽትቶ፣ «ምነው፣ ለአውሮፕላን ቡና አላፈላሽለትም?» አለኝ፤ ሳቁ። ጠራቢው ግን ከባዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይዳብሱት ነበር።

«ሳይሰበር በፊትስ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ሲዞር። ነፋሱን ይዞ ነበር?»

«አርባን አልፎ ነበር፣ ከዚያ ማንበብ አልቻልኩም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ «ልጅሽስ?» አሉ።

«አልመጣም።»

«ቶሌ» አሉ፣ እሺ እንደማለት። «ያንቺን ሰማሁ አዮ። ያንቺ አልቋል። የሱን እጠብቃለሁ።»

ይቅር ብያችኋለሁ ይሉኛል ብዬ ነበር፤ በአንድ ጉዞ የሁለት ሰው ዕዳ ልጨርስ። አልቻልኩም፤ ልክ ናቸው። በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ከዚያ በታች አልቀበልም።

ስመለስ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ተናገርኩ። ጸሐፊው መጀመሪያ፣ «እማማ፣ ፋይሉ ተዘግቷል» አለኝ። እስኪከፈት ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ተከፈተ፤ የጠራቢው ስም ከወቀሳው ወጣ፣ የልጄም ደብዳቤ «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ። ጊዜው እስከ ዛሬ ነው።

ልጄ አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ልብሱን በአንድ ቦርሳ ከተተ። ሽማግሌው ያሉትን ነገርኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሰማ። «ደህና ሁኚ» አለና ወጣ። አሁን አዲስ አበባ በሰው ቤት በር ይበይዳል። የአውሮፕላኑ ገላ ግራሩ ሥር ዝጎ ቆሟል፤ ቧንቧውን ልግዛ የሚሉ ይመጣሉ፣ አልሸጥም፣ የኔ አይደለም።

ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት የለም፤ ምሳዬን ግን እስከ ዛሬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እበላለሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የተናገርኩት ለዶሮ እሽ ማለት ብቻ ነው። ልጄ በበዓል በበዓል ይደውላል። ጤናዬን ይጠይቃል፣ ጤናውን እጠይቃለሁ። ከዚያ እኔ፣ «ሊበን ሄድክ?» እለዋለሁ። እሱ፣ «እማዬ…» ይላል፤ ስልኩ ይዘጋል። እኅቱ ከፊልቱ እየደወለች ትቆጣኛለች። «አንድ በዓል እንኳ ሳትጠይቂው እለፊ፤ ልጅሽ እኮ ነው» ትለኛለች። ልጄ ስለሆነ ነው የምጠይቀው። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ እንኳን አደረሰህ ብዬ እዘጋው ነበር።

ሊበን ጠራቢው ጋ በየወሩ እወርዳለሁ። ዓይናቸው እየጠፋ ነው፤ ደወል መጥረብ ትተዋል። አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ ብዙ አናወራም። ስለ ልጄ አይጠይቁኝም፤ እግሬን ሲሰሙ ግን ጆሯቸውን ቀና አድርገው ከኋላዬ ሌላ እግር እንዳለ ያዳምጣሉ።

ባለፈው በዓል ሲደውል ይህንኑ ነገርኩት። «ዓይናቸው ሄዷል» አልኩት። «መልክህን አያዩም፤ ድምፅህን ግን ያውቃሉ።» እማዬ አላለም። ስልኩም አልተዘጋም። የብረት መቁረጫ ጩኸት ከበስተኋላው ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ «ወደ ሊበን የሚሄደው መኪና አሁንም በገበያ ቀን ነው?» አለኝ።

«በገበያ ቀን ነው፤ ጠዋት» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ከዚያ ወዲህ አራት የገበያ ቀን አልፏል። በአራቱም ማለዳ መኪናው ወደሚጫንበት ሄጃለሁ። ባለፈው ጊዜ ከሹፌሩ ጎን ያለውን ቦታ በነጠላዬ ያዝኩ። ሹፌሩ፣ «ለማን ነው አዮ?» አለኝ።

«ለሚመጣ ሰው።»

«ላልመጣ ሰው ቦታ አይያዝም። ይቺ ሴትዮ ልጅ አዝላ ቆማለች።»

ዞር ብዬ አየኋት። ጨርቋ አቧራ ጠጥቷል፤ ከሩቅ የመጣች ናት። መንገዱን እስከ መታጠፊያው ድረስ አንድ ጊዜ ተመለከትኩ። ከዚያ ነጠላዬን አነሣሁና፣ ግቢ ልጄ፣ ልክ ነው፣ ተራው ያንቺ ነው አልኳት።